የቤዛ ስም እና የእኔ

ባለፈው ሳምንት ቤክስሊ ወደሚገኝ የጥርስ ሐኪም ቤት ስገባ በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ጠርሙስ ሳኒታይዘር እጄ ላይ አደረግኩ። ሽታው የድሮው ነበር። ያ በኮሮና ጊዜ ጥሩው ሁሉ ከሱቅ ሲያልቅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የተሸጠልን፣ አረቄ አረቄ የሚሸተው። እጄን እያሻሸሁ በሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ ተሰልፌያለሁ፣ አንድ ልጅ ከዚያው ሳኒታይዘር እጃችን ላይ ያፈስልናል፣ ከፊቴ ቤዛ ቆማለች፣ እኔም በቅናት ልፈነዳ ደርሻለሁ።

የልጅ ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፣ ሳይታወቅ ያልፋል ይላሉ። የእኔ አላለፈም። ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እጀምራለሁ፣ ምሳ በልቼ እቀጥላለሁ፣ ሲመሽ ደክሞኝ እተኛለሁ።

ቤዛ የአክስቴ የሮማን ልጅ ናት። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ስትሆን ዲቪ ደርሷት በ2021 ሰመር መግቢያ ላይ ልጇን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ቤት እስኪያገኙ ድረስ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ባለው ቤታችን አብረውን ኖሩ፤ አክስቴ ሳሎን ሶፋው ላይ፣ ቤዛ እኔ አልጋ ላይ። ኤርፖርት ቆመን ስንጠብቃቸው እናቴ "እህት መጣችልሽ" አለችኝ። እኔ እህት አላዘዝኩም ነበር። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለችኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷንም የምትሠራበት ዌርሃውስ ወስዶ የተረፈችውን ነው የማገኛት። ያቺን የተረፈችውን ደግሞ ከቤዛ ጋር እንድካፈል ተፈረደብኝ።

ያን ጊዜ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልመልስም። እናቴ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ ተግባብተን የምንኖር ይመስለኝ ነበር። ሳንግባባ መኖራችንን ያወቅኩት ቤዛ ስትመጣ ነው። እናቴ ከሥራ ገብታ ስለ ሱፐርቫይዘሯ ታወራለች፣ አካሄዱን ታስመስላለች፣ ቤዛ በትክክለኛው ቦታ ላይ ትስቃለች። እኔ የቤዛን አፍ አይቼ እከተላለሁ። እናቴ እንደዚያ ቀልደኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ፣ ቀልዷን ለሌላ ልጅ ስታወራ ነው የሰማሁት።

አንድ ቀን ደግሞ እናቴ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቤዛ ቀና ብላ አየቻትና "ዛሬ ወገብዎን ነው አይደል፣ እትዬ?" አለቻት። ትራስ አምጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት። ሻይ አፈላችላት፣ ስኳሩን አሳንሳ፣ ቅመም ሳትጨምር፣ እናቴ እንደምትወደው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና "ይቺ ልጅ ታውቀኛለች" አለች።

እኔ ታብሌቴን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ወገብ እንዳላት እንኳ አስቤ አላውቅም። ግን የቀናሁት ቤዛ እናቴን ስላወቀቻት ብቻ አልነበረም። እናቴ መታወቋን ስትሰማ ፊቷ ላይ በመጣው ነገር ነው። ትከሻዋ ወረደ፣ ግንባሯ ተፈታ። እኔንም አንድ ሰው ሳልናገር እንደዚያ እንዲያውቀኝ ፈለግኩ። ከዚያ በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ፊቴን እያሳዘንኩ መጠበቅ ጀመርኩ። እናቴ መጥታ "ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽን ታጥበሻል?" አለችኝ።

ግሮሰሪ የሄድን ዕለት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ አገኘችን። ሁለታችንም ጋሪውን ይዘን ቆመናል፣ ሁለታችንም ማስክ አድርገናል። ሴትዮዋ ወደ እናቴ ዞር ብላ "የትኛዋ ናት ያንቺ?" አለቻት። እናቴ ሳቀችና "ሁለቱም" አለች። ለእንግዳ የሚባል መልካም ነገር ነው፣ አሁን ይገባኛል። ያን ቀን ግን እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳትም። አለማናገሬንም አላወቀችም፤ ቤዛ እያወራቻት ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን በኮሮና ምክንያት የተዘጋ ጊዜ የንስሐ አባታችን አባ ዘሚካኤል የስልክ ጸሎት ጀምረው ነበር፤ ከተከፈተም በኋላ አልተውትም። ሁሉም ቤተሰብ ኮንፈረንስ ላይ ይገባና ስልኩን ሚዩት ያደርጋል። የሚረሳ አይጠፋም፤ በጸሎት መሃል የሰው ብሌንደር እንሰማለን። በመጨረሻ አባ እያንዳንዱን ቤተሰብ በክርስትና ስሙ፣ ማለትም ሲጠመቅ በወጣለት ስም እየጠሩ ለእግዚአብሔር ያሳስባሉ። የእኛ ተራ ሲደርስ "ኃይለ ሚካኤልን፣ ወለተ ሐናን፣ ልጃቸውንም" ይላሉ። ኃይለ ሚካኤል አባቴ ነው፣ ወለተ ሐና እናቴ። "ልጃቸው" እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ ስለሌላቸው ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አክስቴ በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አባ ቀጠሉ። "ወለተ ጊዮርጊስን፣ ልጇንም አጸደ ማርያምን።"

ቤዛ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። አክስቴ ስማቸውን ለአባ አስቀድማ ነግራቸው ኖሯል። ስልኩ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እንደ ጠላት አየሁት። አጸደ ማርያም የማርያም የአትክልት ቦታ ማለት እንደሆነ እናቴ ኋላ ነገረችኝ። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ የአትክልት ቦታ፣ እኔ ልጃቸው።

"ማሚ፣ የእኔ ምንድነው?" በአማርኛ ነው የጠየቅኩት፣ ነገሩ ከባድ እንደሆነ እንድታውቅ።

እናቴ ፍሪጁን ከፈተችና የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። "አለሽ እኮ። ወለተ... ወለተ ምናምን ነው።"

"ወለተ ምናምን?"

"ሊያዬ፣ ክርስትና የተነሳሽው በሰማንያ ቀንሽ ነው። ያን ቀን እኔ ታምሜ ሆስፒታል ነበርኩ፣ አባትሽ መንገድ ላይ። ያጠመቁሽ ከሌላ ስቴት በእንግድነት የመጡ ቄስ ናቸው። አቅፈው ያነሱሽ እትዬ አስካለ ናቸው፣ ስሙም የተነገረው ለሳቸው ነው። ነግረውኝ ነበር። አሁን ይመጣልኛል ስል፣ አሁን ይመጣልኛል ስል..."

"ኮል አድርጊላቸዋ!"

የፍሪጁ በር ተዘጋ። "እሳቸው ጋ አልደውልም።"

እትዬ አስካለ የክርስትና እናቴ ናቸው። ለፋሲካ ቀሚስ የሚልኩልኝ፣ ልደቴን የማይረሱ፣ ሳቃቸው ከመኪናችን በር የሚሰማ ሴት ነበሩ። ከዓመት በፊት ግን አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ አዲስ አበባ አረፈች። ኮሮና ገና የገባ ሰሞን ስለሆነ አውሮፕላን ቆሞ ነበርና እናቴ እናቷን ሳትቀብር ቀረች። ወዳጆቿ ማስክ አድርገው እየመጡ ግቢያችን ሣር ላይ ተራርቀው ቆሙ፣ እሷ መስኮቱ ላይ ሆና እነሱ ውጭ ሆነው ተላቀሱ። ምግብ ደጃፉ ላይ እያስቀመጡ ሄዱ። እትዬ አስካለ አልመጡም። የላኩት አንድ አጭር ቴክስት ብቻ ነው። አባቴ "ኮሮና ፈርተው ነው" ሲል እናቴ "ኮሮናውማ ለሁሉም ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ቤታችን ውስጥ አይነሳም። አሁን ደግሞ የእኔ ስም የሳቸው ስም ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ።

ነገሩን ያባሰችው ቤዛ ናት። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ፖፕሲክል እየበላን ነበር። ስሜን እንደማላውቀው ስነግራት መብላቷን አቆመች።

"ሊያ የሚለውን እኮ እግዚአብሔር አይጠራበትም" አለችኝ። "እሱ የትምህርት ቤት ስም ነው። በመጨረሻው ቀን ሁላችንንም የሚጠራን በክርስትና ስማችን ነው።"

"የሌለውስ?"

"ሁሉም የተጠመቀ አለው።"

"የረሳውስ?"

ቤዛ ብዙ አሰበች። ከልቧ አዝናልኝ ነበር፤ ከሁሉ የከፋኝ እሱ ነው። "ቆሞ ይቀራላ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን የትምህርት ጊዜ በአብዛኛው የተማርኩት በዙም ነው። አስተማሪዋ እስክታስገባን ድረስ የምንጠብቅበት ባዶ ገጽ አለ። ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ በአባቴ ስልክ ከገባሁ የሚታያት የአባቴ ስም ነው፤ ማን እንደሆነ ስለማታውቀው አታስገባውም። የክፍሌ ልጆች ውስጥ ሆነው ይማራሉ፣ እኔ "ትንሽ ይጠብቁ" የሚለውን ጽሑፍ እያየሁ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። መንግሥተ ሰማያትም እንደዚያ ሆና ታየችኝ። እናቴ ገብታለች፣ አባቴ ገብቷል፣ አክስቴ ገብታለች፣ ቤዛ ከእናቴ ጎን ተቀምጣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ትስቃለች። እግዚአብሔር ወደ በሩ አይቶ "ይህቺ ማናት?" ይላል።

ስለዚህ ስጸልይ ራሴን ማስተዋወቅ ጀመርኩ። "ሃይ፣ ሊያ ነኝ። ኮሎምበስ፣ ሂልቶፕ፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ ነጩ ቤት። የሰናይት ልጅ። መነጽር የማላደርገዋ።" መነጽር የምታደርገው ቤዛ ነበረች፤ እንዳይሳሳት ብዬ ነው። ፒዛ የማዝዝ እመስል ነበር። ጸልዬ ስጨርስ የደረሰ ነገር መኖሩን አላውቅም። አጠገቤ ቤዛ አንዴ አማትባ ወዲያው ትተኛለች። ማን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ነሐሴ ገባና የፍልሰታ ጾም ተያዘ። ፍልሰታን ልጆች ይወዱታል፣ መጨረሻው ላይ ይቆርባሉ። አባ ዘሚካኤል በዚያ ዓመት ልጆች ሁሉ አብረው እንዲቆርቡ ፈለጉ። ከቁርባኑ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ፊታቸው ይቀርባል፣ የክርስትና ስሙን ይናገራል፣ እሳቸው በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉታል። ይህን በስልክ ጸሎቱ መጨረሻ ላይ ሲናገሩ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የክርስትና ስሙን ይናገራል።

ጾሙንም ከቤዛ ጋር ውድድር አደረግኩት። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም እኔ እስከ ማታ እጾማለሁ ብዬ አወጅኩ። በስም ባልታወቅ በጾም ልታወቅ ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤዛ የልብሱን ክሎዜት ስትከፍት ውስጡ ተቀምጬ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ታቅፌ በማንኪያ ስበላ አገኘችኝ።

"የጾም ነው" አልኳት።

"አዎ፣ የጾም ነው" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችልኝ። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርብኝ እኮ እጠላት ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። አለመናገሯ ይበልጥ አናደደኝ።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት እናቴ ቤዛን ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራታለች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው። ሶፋው ላይ ሆኜ የእናቴን ጣቶች አያለሁ። ለእኔ ስትሠራኝ ትቸኩላለች፣ እኔም እጮኻለሁ። ቤዛ ግን አትጮህም፤ እናቴም አትቸኩልም። የሆነ መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከዚያ በጣም በሚያምር ድምፅ "አጸደ ማርያም፣ እስቲ ራስሽን ቀና አድርጊልኝ" አለቻት።

ተነሳሁ። ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር፣ ግን ወጣ። "የእሷን ታውቂዋለሽ! የእሷን እያቆላመጥሽ ትጠሪዋለሽ! የእኔን ግን ረስተሽዋል!"

"ሊያ—"

"አንቺም አታውቂኝም፣ እሱም አያውቀኝም! ሁላችሁም ትገባላችሁ፣ እኔ ውጭ እቀራለሁ! አልሄድም! አባ ጋ አልሄድም!" ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር፣ ግማሹ አማርኛ፤ የሚያመው ግማሽ ግን ሁሉ አማርኛ ነበር።

የእናቴ ሚዶ ቆመ። ተቆጥታ እንድትነሳ ጠበቅኩ። "ማን ነው የማያውቅሽ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"እግዚአብሔር። ስም የለኝም።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ቤዛ ከመጣችብኝ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችኝ መሰለኝ። ከዚያ ሚዶውን ሶፋው ላይ አስቀመጠች፣ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች፣ "ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ። ቤዛ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደ ጥጥ ቆሞ፣ ወለሉ ላይ ቀረች። ከቤት ስንወጣ ዞር ብዬ አየኋት። ትንሽ ደስ አለኝ።

እትዬ አስካለ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ሂሊያርድ ነው፤ እዚያው ጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። በሩን ስናንኳኳ ማስካቸውን አድርገው ከፈቱ። እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና እናቴን አዩ። ከስተው ነበር። ያ ትልቅ ሰውነታቸው ቀሚሱ ውስጥ ጠፍቷል።

"ሰናይት" አሉ።

"ስለ ልጄ ነው የመጣሁት" አለች እናቴ፣ ደረጃው ላይ እንደቆመች። ሰላምታ የለም።

"ግቡ እንጂ።"

"አንገባም። የልጄን የክርስትና ስም ንገሩኝና እንሄዳለን።" ከዚያ "የእናቴን ለቅሶ አልደረሱኝም" አለች። ለእኔ ብቻ የመጣች መስሎኝ ነበር።

እትዬ አስካለ የበሩን እጀታ ይዘው ቆሙ። "ታምሜ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ያን ጊዜ 'ይዞኛል' ያለ ሰው ምን ይሆን እንደነበር ረሳሽው? ሰው በደጃፌ ማለፍ ያቆም ነበር። ሥራዬንስ ብባረር? አፌን ዘግቼ ተኛሁ። የእናትሽን መርዶ የሰማሁት እዚህ ወለል ላይ ሆኜ፣ ትንፋሽ አልወጣ ብሎኝ ነው። ቴክስቷን ለመጻፍ እንኳ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አለቀስኩላቸው፣ ሰናይት። ብቻዬን አለቀስኩላቸው።"

እናቴ እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። ከዚያ ገባችና አቀፈቻቸው፣ ኮሮናም ሌላም ሳትል። የዓመቱን ለቅሶ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አለቀሱት። እናቴ "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች፣ እትዬ አስካለ ጀርባዋን ይመታሉ። እኔ አልፌያቸው ገብቼ ሶፋው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ለአያቴም ቀናሁ፤ ሞታም ወረፋዬን የቀማችኝ መሰለኝ።

"ስሜስ?" አልኩ በመጨረሻ።

ሁለቱም ዞሩ። እትዬ አስካለ ማስካቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና አጠገቤ ተቀመጡ። "ወለተ..." አሉ። ልቤ ተነሳች። "ወለተ... ኪዳን? አይ፣ እሱ አይደለም። ወለተ..." ግንባራቸውን ያዙ። "ቄሱ ስሙን ሲነግሩኝ አንቺ ቤቱን በጩኸት ታናውጪዋለሽ። እንደምንም ይዤው ሄጄ ለእናትሽ ነገርኳት። እሷ ይዛዋለች ብዬ እኔ ተውኩት።"

"እኔ ደግሞ እርስዎ ይዘውታል ብዬ" አለች እናቴ።

ተያዩና ሳቁ፣ እንባቸው ገና ሳይደርቅ። እኔ አልሳቅኩም።

"ቄሱስ?"

"አርፈዋል፣ ልጄ። ቆይተዋል ካረፉ።"

እንግዲህ በምድር ላይ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልቀረም ማለት ነው። "እንግዲያማ እግዚአብሔር አያውቀኝም" አልኩ። ማልቀስ አልፈለግኩም፣ ግን አለቀስኩ። ቤዛ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ መጨረሻው ቀን፣ ቆሞ ስለ መቅረት። ሃይ፣ ሊያ ነኝ እያልኩ እንደምጸልይም ነገርኳቸው። እናቴ አፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። "ስሚ" አሉኝ። "ከተጠመቅሽበት ቀን ጀምሮ ስጸልይልሽ ኖሬያለሁ። የተጣላሁት ከእናትሽ ጋር ነው እንጂ ካንቺ ጋር አይደለም፤ ወለል ላይ ተኝቼም ጸልዬልሻለሁ። ስሙ ከጠፋኝ ግን ዓመታት ሆኖታል። 'ያቺን ልጄን' ነው የምለው። ያቺን፣ ጨለማ ስትፈራ የምትዘፍነዋን። ያቺን፣ ሲቆጧት ጥፍሯን የምትበላዋን። ያቺን ቀናተኛዋን።"

ደነገጥኩ። "ቀናተኛ መሆኔን ያውቃሉ?"

"አራት ዓመትሽ ሳለ እናትሽ የሰው ሕፃን ብታቅፍ ሕፃኑን ነክሰሽዋል። አገር ያውቀዋል።"

"እሱም ያውቃል?"

"እኔ ነግሬው ነው እንዴ የሚያውቀው?" ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። "ይኸውልሽ ሊያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት 'ያቺን ልጄን' ስለው፣ አንድም ቀን 'የትኛዋን?' ብሎኝ አያውቅም።"

እግዚአብሔር ክሎዜት ውስጥ ያየኝ እንደነበር ገባኝ፣ ሶፋው ላይ ፊቴን ሳሳዝን፣ በቤዛ ግማሽ ራስ ደስ ሲለኝ። ማፈር ነበረብኝ መሰለኝ። እኔ ግን የተሰማኝ እንቅልፍ ነው፤ ብዙ ሰዓት ቆሞ የጠበቀ ሰው ወንበር ሲያገኝ የሚመጣበት ዓይነት። የእትዬ አስካለን ክንድ ተደግፌ እነሱ ሻይ እስኪጠጡ ተኛሁ።

ከሰዓት እትዬ አስካለን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አክስቴ ቤዛን አምጥታት ነበር፤ ያልተሠራው ግማሽ ራሷ እንዳይታይ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ተሰለፍን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ። ተራዬ ሲደርስ አባ ዘሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። "የክርስትና ስምሽ ማነው?"

"አላውቀውም" አልኩ።

እናቴ ከኋላ መጥታ በሹክሹክታ ነገሩን አስረዳች። እትዬ አስካለ "እኔ ነኝ ያነሳኋት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። እናቴ "አባ፣ እባክዎን ሌላ ስም ያውጡላት" አለች።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን በወጣኝ። ስም አላት። የረሳነው እኛ ነን።"

መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ለሌሎቹ በግእዝ ሲጸልዩ ቆይተው ለእኔ ወደ አማርኛ ዞሩ፣ እንዲገባኝ መሰለኝ። "አቤቱ፣ አንተ የምታውቃትን፣ ከእናቷ አስቀድመህ ያወቅካትን ይህቺን ልጅህን ፍታት" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው ያሉት፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

ቀጥሎ ቤዛ ቀረበች። "አጸደ ማርያም" አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ ጥርት አድርጋ። አባ ባረኳት፣ በግእዙ ጸለዩላት፣ አሳለፏት።

እናቶቻችን ከእትዬ አስካለ ጋር እያወሩ ሲዘገዩ እኔና ቤዛ ፓርኪንጉን አቋርጠን ወደ መኪናው ሄድን። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋ ወርዶ ግማሽ ጸጉሯ ወጥቷል፣ መነጽሯ ጉም ሠርቷል።

"ለምንድነው ለእኔ 'አንተ የምታውቃት' ያላሉኝ?" አለችኝ።

ቤዛ ቀናች። በእኔ! ሰመሩን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር መጣልኝና በጣም ደስ አለኝ፤ ዘልዬ መሬቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ምን ብመልስላት ወዲያው እንደምትጽናና አውቃለሁ። አልመለስኩላትም። መልሱን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ መኪናው ድረስ ሄድኩ፣ እያጣጣምኩት። ይህንንም እግዚአብሔር እያየ መሆኑን አወቅኩ። እያየ እንደሆነ አውቄም አልሸሸግኩትም፤ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር።

ቤዛ የመኪናውን በር ተደግፋ ታለቅሳለች።

"አንቺንም ያውቅሻል" አልኳት በመጨረሻ፣ በአማርኛ። "እኔን ግን ሳይነገረው ነው።"